ቁልቁለት ላይ የተሞከረችው መኪና

ሚዛን ገበያ ውስጥ ጫማ ሲገዛ ሁለቱንም እግሩን የሚለካ ሰው ካያችሁ ጠርታችሁ አሳዩኝ። ሰው ቀኙን ያወልቃል፤ አዲሱን ያጠልቃል፤ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ ሁለት እርምጃ ይራመድና “ደህና ነው፣ ጠቅልልልኝ” ይላል። ግራው እግር አይጠየቅም። ግራው እግር የሚያለቅሰው ቤት ከተገባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሻጩ ሸራውን ጠቅልሎ ቴፒ ገበያ ገብቷል።

እኛ ሰዎች መሞከር የምንወድ ይመስለናል እንጂ የምንወደው መግዛት ነው። ሙከራ የምንለው ነገር ልባችን አስቀድሞ ለገዛው ዕቃ የምናደርግለት አቀባበል ነው። ማሩን በጣት ጫፍ እንልሳለን፤ ቡናውን በጥርስ ሰብረን መድረቁን እናዳምጣለን፤ ራሳችንን ነቅነቅ እናደርጋለን። ግን ማር ልሶ “አልጣመኝም” ብሎ ጣቱን የጠረገ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስከዚህ ዕድሜዬ አላየሁም።

በሙከራ ነገር የማምነው አባቴን ብቻ ነበር። አባቴ ከማጂ በቅሎ እየነዳ ሚዛን የሚያወርድ ነጋዴ ነበር። “ሻጭ በቅሎውን ሜዳ ላይ ያሳይሃል” ይል ነበር፤ “ሜዳ ላይ አህያም በቅሎ ናት። ዳገት ላይ ዱላ ካለ ሁሉም ይወጣል። በቅሎ የምትታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው።” ስለዚህ በእሱ ዘመን ወጣት በቅሎ ሊገዛ ሲያስብ አንድ ሽማግሌ ይለምናል። ሽማግሌው ይቀመጥባትና ቁልቁለቱን ይወርዳል። ከወደዳት እርጥብ ሣር በጥሶ ኮርቻዋ ላይ ያኖርና ይመርቃል። ከምርቃቱ በኋላ ክርክር የለም። ገዢው “አንካሳ ናት” አይልም፤ ሻጩም “ረከሰብኝ” አይልም። ምርቃቱ በቅሎዋን ብቻ ሳይሆን የተሰጠባትንም ነገር ያጸናል፤ ላም ከሆነች ላሟን፣ ማር ከሆነ ማሩን። መራቂው ራሱ ነገ ተነሥቶ ላፍርሰው ቢል አገር ይስቅበታል፤ ከዚያ ወዲያ እንኳን በቅሎ ዶሮ የሚያስመርቀው ሰው አያገኝም።

አሁን በቅሎ የሚገዛ የለም። ሥርዓቱ ግን አልሞተም፤ ሥራ ፈትቶ ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ጋር በየደጃፉ ተቀምጧል።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው እያፈርኩ አይደለም፤ እንጀራ የበላሁት በፍርሃቴ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአንድ ቡና እርሻ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ዶሮ እንኳ አልገጨሁም። ድልድይ ስደርስ እቆማለሁ፤ ወርጄ እንጨቱን በእግሬ እመታዋለሁ፤ ረዳቴ ይስቅብኛል፤ ከዚያ ተመልሼ በቀስታ አልፋለሁ። የሳቁብኝ ሾፌሮች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ፈሪው ይኸው ቁጭ ብሎ ያወጋችኋል።

ከመንገድ ውጭ የምፈራው ነገር ግን አንድ ነበር። በቴፒ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ አባታችን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ የተወልን የቡና ማሳ አለ። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥር ቡናው ነው። አልተካፈልነውም። መሬት ለኪዎች በመጡ ጊዜ እኔ ጭነት ይዤ ጅማ ነበርኩና ማሳው በወንድሜ ስም ተመዘገበ። “ምን ቸገረን፣ እኛ አንድ ነን” ተባባልን። ወንድሜ ሞተ፤ ልጁ ቸርነት ወረሰ። አንድ የነበርነው ያን ዕለት ሁለት ሆንን።

ቸርነት አዲስ አበባ ሲኖር ቆይቶ በቅርቡ መመላለስ የጀመረ ነው፤ የልጆች አባት ነው። ማሳውን ለባለሀብት ማስተላለፍ ይፈልጋል። ማስተላለፍ ያልኩት መሬት ስለማይሸጥ ነው። በአገራችን መሬት የሚሸጥ ሰው የለም፤ ሁሉም ያስተላልፋል። ወረቀቱ በእጁ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ ሰፈር የቤተሰቡ ታላቅ “ይሁን” ሳይል ጎረቤት ድንበር አያሳይም፤ ሽማግሌ ለምስክርነት አይቀመጥም፤ የነገ ጠብ የተቀበረበትን ማሳ ደግሞ ብልህ ባለሀብት አይነካም። ስለዚህ በቸርነት ወረቀትና በባለሀብቱ መካከል የቀረችው የእኔ አንዲት ቃል ነበረች። ያችን ቃል ሁለት ክረምት ሙሉ በጥርሴ ነክሼ ያዝኳት። ለስብሰባ ሲጠራኝ አሞኛል እላለሁ፤ ለምሳ ሲጠራኝ በልቻለሁ እላለሁ። ስልክ ከደወለ “አይሰማም፣ አይሰማም” እልና እዘጋዋለሁ። እየሰማሁት።

ታዲያ አንድ ቀን መኪናዋ መጣች።

የመጣችው በራሷ እግር አይደለም፤ ከጅማ ወዲህ በሌላ መኪና ጀርባ ተጭና ነው። ይህ ብቻ ሊበቃኝ ይገባ ነበር። በቅሎ በሌላ ጀርባ ተጭና ገበያ ብትመጣ አባቴ ዘወር ብሎም አያያትም። ቀይ ናት፤ የበሰለ እሸት ቡና ትመስላለች። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ከመሬት ያላት ከፍታ አንድ ጤነኛ ዶሮ በሥሯ ቀና ብሎ የማያልፍበት ነው። “የእሽቅድምድም መኪና ናት፣ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው” ተባለ። እሽቅድምድም! ሚዛን ውስጥ ከማን ጋር? ከባጃጅ ጋር?

የቸርነት እናት ቤት ያለው መብራት አልበቃ ስላላት ኃይለኛ መስመር ወዳለበት ወደ ወፍጮ ቤት ወሰዷት። እኔም በዚያው ቀን የበቆሎ ከረጢቴን ይዤ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ወፍጮውና መኪናዋ አብረው መብላት ስለማይችሉ ወፍጮው ቆመ። ሴቶች ከረጢታቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። መኪናዋ ጥቁር ገመድ አፏ ውስጥ ከትታ ዝም ብላ ትጠባለች። ትጠባለች፣ ትጠባለች፣ አትጠግብም።

“ቆይ፣ ይቺ ምንድን ነው የምትፈጨው?” አለች አንዲቱ።

“የጌታዋን ሀብት ነዋ” አለች ሌላዋ።

“እናቶች፣ ትንሽ ታገሡ እንጂ” አለ ባለወፍጮው።

“እኛስ እንታገሥ። የልጆቻችንን ሆድ ‘ቆይ፣ መጀመሪያ መኪና ይብላ’ ትልልናለህ?”

በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዲት ጉልበተኛ ሴትዮ ተነሥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። “በቃት!” አለች። “እንግዳ እንኳ እንዲህ አይበላም።” ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ወፍጮው ተነሣ። መኪናዋ ግማሽ ሆዷን እንደ በላች ቀረች። ይህን ሁሉ እያየሁ ስቄአለሁ። የዚያን ሳቅ ዋጋ በኋላ ትሰሙታላችሁ።

ቸርነት ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የመጣው። ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ።

“ጋሼ፣ ሻጩ ለሙከራ ነው የሰጠኝ። እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ? እርስዎ ዕድሜዎን መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ነዎት። ነድተው ይፍረዱልኝ።”

“በምን ልትገዛት ነው?”

“ገና ሙከራ ነው እኮ ጋሼ! ካልወደዷት ነገውኑ እመልሳታለሁ።”

ዱቄቴን ይዤ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አስካለ ነገሩን ስነግራት ከእጇ ወንፊቱን አላስቀመጠችም። “የወንድምህ ልጅ ያንተ መንዳት የናፈቀው ከመቼ ወዲህ ነው?” አለችኝ።

“ተጠንቅቄአለሁ” አልኳት። እውነትም ተጠነቀቅሁ። የማንበቢያ መነጽሬን አውልቄ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት፤ ያለ መነጽር የሚፈረም ወረቀት የለም። አሻራ ቢሉኝስ? አውራ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኳት፤ ቢላ ቆረጠኝ እላለሁ። ሌላኛዋንም አሰርኳት። መታወቂያዬን ከኪሴ አወጣሁ። ውሃ እንኳ እንዳይሰጡኝ ጠጥቼ ወጣሁ። እንዲህ ታጥቄ፣ ሁለት አውራ ጣቶቼን ነጭ በነጭ አልብሼ፣ ወደ ሙከራው ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ያገኘኝ ሰው “ጋሽ ወርቁ፣ ንብ ነደፈዎት?” ብሎ ጠየቀኝ።

መኪናዋ ቁልፍ የላትም። ካምቢዮ የላትም። ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ሲዳብስ ቆየና ምንም ሲያጣ እንደ ጡረተኛ ቁጭ አለ። ድምፅ ደግሞ ጭራሽ የላትም።

“አልተነሣችም” አልኩት።

“ተነሥታለች ጋሼ።”

“አትዋሸኝ፣ እኔ ሾፌር ነኝ።”

“ይርገጡት እንግዲያ!”

ረገጥኩት። ነፍሴ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቀረች፤ ሥጋዬ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ጋ ደርሷል። ፍሬን ያዝኩ፤ እሷም እንደ ታዛዥ ልጅ ቆመች። እንደገና ረገጥኩ፤ እንደገና ሄደች። እንግዲህ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። የድሮ የጭነት መኪናዬን መሪ ለማዞር ሁለት ክንድና አንድ ጸሎት ያስፈልግ ነበር፤ ይቺ ግን ሐሳቤን ቀድማ ትዞራለች። ጉልበቴን ረሳሁት፤ ወገቤን ረሳሁት። በእኛ መንገድ ሰው የሚሄደው ጀርባውን ለመኪና ሰጥቶ በጆሮው ነው፤ ዞሮ አያይም፣ ይሰማል እንጂ። ይቺ የማትሰማ ስለሆነች ለእያንዳንዱ እግረኛ ክላክስ እያሰማሁ፣ በእያንዳንዱ ክላክስ ይቅርታ እየጠየቅሁ ሄድኩ። አንድ ባለባጃጅ ከጎኔ መጣና አንገቱን አውጥቶ “አባት፣ ሞተሩ ጠፍቶብዎታል! ልጎትትዎት?” አለኝ። ጥዬው ሄድኩ። በሕይወቴ ሰው በመኪና ጥዬ ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሹክ ልበላችሁ፤ ይጣፍጣል።

“ቁልቁለት ላይ እንያት” ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላለኝም። ቸርነት “እንደ ፈቀዱ ጋሼ” ብቻ ነው ያለው። በቴፒ መንገድ ያለውን ረጅም ቁልቁለት ይዤ ወረድኩ። እንዴት ያለች በቅሎ! አትንሸራተትም፣ አትደናገጥም፤ ፍሬን ሳልይዝ እንኳ ራሷን ገታ ታደርጋለች። “ስትወርድ ባትሪዋን ትሞላለች” አለኝ ቸርነት። አባቴ በሕይወት ቢኖር በቁልቁለት የምትጠግብ ፍጥረት ባሳየሁት ነበር።

ግርጌው ላይ ማሳችን አለ፤ እኔም ማሳችን ጋ ሳልቆም አልፌ አላውቅም፤ ስለዚህ ቆምኩ። ይህንንም ቸርነት ያውቃል። የሚያወርደኝን መንገድም የማቆምበትንም ቦታ የመረጥኩት እኔ ራሴ ስሆን፣ ሦስት ሰዎች ግን ቀድመውኝ ድንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አንደኛው አብሮ አደጌ አየለ ነው። ሦስተኛውን ቸርነት “የመኪናዋ ባለቤት” ብሎ አስተዋወቀኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አዲስ የጭቃ ቦቲ አድርጓል። መኪና የሚሸጥ ሰው ቦቲ ለምን ያደርጋል ብዬ ግን አላሰብኩም።

እጃቸውን አየሁ፤ ወረቀት የለም። ኪሳቸውን አየሁ፤ እስክርቢቶ የለም። ልቤ አረፈ።

“እህስ ወርቁ፣ እንዴት ናት?” አለኝ አየለ።

“ቁልቁለት የምታውቅ ናት” አልኩ።

“እንግዲያ የአባትህን ሥርዓት አድርስላት እንጂ!”

እዩኝ እንግዲህ። ስንት ዘመን የአባቴን ምርቃት ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረም፤ ልረሳው ምንም አልቀረኝም ነበር። አንድ ቃል ሳላጎድል የማውቀው ደግሞ በአገሩ እኔ ብቻ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ከእግሬ ሥር እርጥብ ሣር በጠስኩ፤ ከራሴው ድንበር ላይ። በእነዚያ በታሰሩ ጣቶቼ እንደ ምንም ይዤ መኪናዋ ግንባር ላይ አኖርኩት። እጆቼን ዘረጋሁ። “ረግጣ አትሳት፤ ወጥታ አትቅር። የገዛ ይጠቀምባት፤ የሸጠ አይጸጸትባት። የተሰጠባትም ለተቀባዩ ይለምልምለት!”

“አሜን!” አሉ። ባለቦቲው ሰውዬ ከሁሉም አብልጦ ጮኸ።

ከዚያ ሰውዬው ድንበሩን አልፎ ወደ ማሳው ገባ። ሳይጠይቅ። አንዱን የቡና ቅርንጫፍ ወደ ራሱ ጎትቶ ፍሬውን ያይ ጀመር።

“ወዴት ነው የሚገባው?” አልኩ።

አየለ ፊቴን አየኝና ግራ ተጋባ። “ምን ማለትህ ነው? አሁን መረቅህለት አይደል? መኪናዋ የተሰጠችው በማሳው ነዋ! ቸርነት ‘ጋሼ ተስማምቷል፤ ነድቶ ይመርቃል፤ መንዳቱ ምልክት ነው’ አለን እኮ።”

ወደ ቸርነት ዞርኩ። መሬት መሬት እያየ “ጋሼ፣ እኔ ከእርስዎ አንድ ቃል እንኳ አልጠየቅሁም” አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጠየቀኝም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። አጎት መሆን እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ሲያስፈልግ ይጠራል፣ ሲያበቃ ይጋለባል።

“መኪናዋ ውስጥ ይግቡ፣ ላድርስዎት” አለኝ። በእግሬ ሄድኩ። ዳገቱን ጥቂት እንደ ወጣሁ መኪናዋ በአጠገቤ አለፈች፤ ድምፅ ስለሌላት ስታልፈኝ እንኳ አልሰማሁም። ጥምዝምዙን ስዞር ግን ቆማ አገኘኋት። ያቺ ጉልበተኛ ሴትዮ የነቀለችው ገመድ እዚህ ላይ አለቀ። ቁልቁለት የሞላላት ለዳገት አልበቃትም። አባቴ የነገረኝ ስለ በቅሎ ነበር። ስለ መልሱ መንገድ አልነገረኝም፤ በቅሎማ መውረድ ከቻለች መመለሱን መች አጥታው።

ቸርነት መንገዱ ዳር ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ለማለፍ ፈለግሁ። በሾፌር ሥርዓት ግን መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይታለፍም፤ ስንት ዘመን የኖርኩበት ነው፣ እንዴት አድርጌ ልለፈው? ትከሻዬን ሰጠሁና ገፋሁ። የጭነት መኪና መጥቶ በገመድ እስኪጎትታት ድረስ፣ አባቴ የተወልኝን ማሳ እኔው ዳገት ለዳገት ስገፋው ቆየሁ። ግንባሯ ላይ ያኖርኩት ሣር አሁንም ከመስታወቱ ሥር ተሰክቶ ነበር።

ቤት ስደርስ አስካለ ምንም ሳልነግራት ገባት። ጣቶቼን ያዘችና ጨርቁን አንድ በአንድ ፈታችልኝ። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። “አንተ ሰውዬ” አለችኝ፣ “ጣትህን ሁሉ አስረህ አፍህን ፈትተህ ሄድክ?” የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉትን ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ለሽማግሌዎች አቤት አልኩ። ተቀመጡልኝ፤ በአክብሮት ሰሙኝ። “ወረቀት አልፈረምኩም” አልኩ። “ማን ፈረምክ አለህ?” አሉ። “ይሁን አላልኩም” አልኩ። “ይለምልምለት ብለሃል፤ እሱ ከይሁን ይበልጣል” አሉ። “ማሳው መሆኑን አላወቅሁም” ስል አየለ አንገቱን ደፋና “ወርቁ፣ ታዲያ በምን እንደ ተገዛች ሳታውቅ ለምን መረቅህ?” አለኝ። በምን ልትገዛት ነው ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄአለሁ፤ መልሱን ሳላገኝ መሪ ጨበጥኩ። ቀኙን እግሬን ለክቻለሁ፤ ግራውን ግን አልጠየቅሁትም። የሚያሳዝነው ደግሞ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እፈርድ ነበር። ሽማግሌ የመረቀውን ካፈረሰ ምን ይቀረናል? ይኸው ሥርዓቱ ቀረ፤ ማሳው ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ባለቦቲው ሰውዬ ብርብራዎቹን ቆርጧል፤ ከዋንዛዎቹም የቀሩት ጥቂት ናቸው። ቡናው ፀሐይ ላይ ራቁቱን ቆሟል። ምን ሊሠራበት እንዳሰበ አልጠየቅሁም። እዚያ ጋ ስደርስ ዛሬም እቆማለሁ፤ እግሬ መቆም እንጂ መግባት እንደማይችል ገና አልለመደም።

መኪናዋስ? እኔው ግቢ ውስጥ ናት። የተጎተተች ዕለት ሆዷን ድንጋይ ጫራት፤ የሚለወጠው ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ይጠበቃል ተባለ። የቸርነት እናት ግቢ በሩ ጠባብ ነው፤ የእኔ ሰፊ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ቤት ስለሆነ። ቸርነት አዲስ አበባ ተመልሷል። “ጋሼ፣ አደራ ዝናብ እንዳይነካት” እያለ ይደውላል። አሁን ስልኩ ይሰማኛል። ቡና የምናሰጣበትን ላስቲክ አልብሻታለሁ፤ ላስቲኩ ዘንድሮ ሌላ ሥራ የለውም። ዶሮዎቻችን በሥሯ ገብተው እንቁላል ይጥላሉ፤ ጎንበስ ካሉ ያስገባቸዋል።

እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ ያላወቁ ሰዎች በአጥሩ ሲያልፉ ከላስቲኩ ሥር ቀዩን ያያሉ። ቆመው እጃቸውን ዘርግተው፣ ከልባቸው፣ “ጋሽ ወርቁ! መኪና ገዛችሁ ለካ! ይባርክላችሁ!” ይሉኛል።

አስካለ በበሩ ቀዳዳ ታየኛለች።

“አሜን” እላለሁ። ምርቃት እንደሆነ በእኛ አገር አይመለስም።